ከቀይዋ ሜፕል ሥር ምን ልትከል?

የጓሮ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ባለፈው ኅዳር ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዝተን ገባን። ከፊት ለፊት፣ ከመኪና መግቢያው አጠገብ፣ የቀድሞዋ የቤቱ ባለቤት የተከለቻት አንዲት አጭር የጃፓን ሜፕል አለች። ቁመቷ ደረቴ ጋ ነው፣ ስፋቷ ግን ከቁመቷ ይበልጣል። ቅርንጫፎቿ እንደ ጃንጥላ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ቅጠሏ ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ እንደ ዳንቴል የተበጣጠሰ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 11 ሰዓት ፀሐይ አይለያትም። ዙሪያዋ ባዶ አፈር ነው። ባለቤቴ «አይቪ ሐረግ ይልበስ» ይላል፤ ጎረቤታችን «ናና ትከዪበት» አለችኝ። እኔ ደግሞ ጤና አዳም፣ ጦስኝና በሶብላ፣ ከተገኘም አደይ አበባን የሚያስታውሰኝ ነገር ብተክል ደስ ይለኛል። ነሐሴ ላይ የቅጠሎቿ ጫፍ ተጠብሶ አስደነገጠኝ። ደግሞ ከግንዷ ሥር ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ በጉልበት እየወጣ ነው። ልጅ መውለዷ ይሆን?

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ ከአረንጓዴው ቅርንጫፍ ልጀምር፤ እሱ ቀን የሚሰጥ አይደለም። ልጇ አይደለም። ዳንቴል ቅጠል ያላቸው ሜፕሎች ከዘር ሲበቅሉ እናታቸውን ስለማይመስሉ፣ ችግኝ አፍዪዎች የቀይዋን ቀንበጥ ቆርጠው በተራ አረንጓዴ የጃፓን ሜፕል ሥር ላይ ያዳቅሏታል። ዝቅ ብለው ግንዷን ቢያዩት የቅርፊቱ መልክ የሚለወጥበት፣ አንዳንዴም እንደ ቁርጭምጭሚት ጎላ ያለ ቦታ ያገኛሉ። ከዚያ በታች የሚወጣው ሁሉ የሥረኛው ዛፍ ነው። ከቀይዋ ይልቅ ብርቱ ስለሆነ ዝም ካሉት በጥቂት ዓመት ውስጥ ላይዋን ውጦ ግቢው ውስጥ አንድ ተራ አረንጓዴ ዛፍ ይቀራል። ዛሬውኑ በተሳለ የአትክልት መቀስ፣ ከግንዱ ጋር አስጠግተው ይቁረጡት። የግንዱን ቅርፊት እንዳይነኩ ብቻ ይጠንቀቁ። ከዚያም በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ አንዴ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ።

ከነገሩኝ እንደምገምተው ዛፍዎ ክሪምሰን ክዊን ወይም ታሙኬያማ ናት። ሁለቱም በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ግቢዎች ውስጥ በብዛት አሉ፤ ሁለቱም ከሌሎች ቀይ ሜፕሎች ይልቅ ፀሐይ ይችላሉ። አጭር ይባሉ እንጂ ዝም ብለው አይቀመጡም። ክሪምሰን ክዊን በብዙ ዓመት ሂደት እስከ 8 ጫማ ቁመትና እስከ 12 ጫማ ስፋት ትደርሳለች። ዛሬ ከጫፏ አንድ ስንዝር ርቀው የሚተክሉት አበባ የዛሬ አምስት ዓመት ከቀሚሷ ሥር ገብቶ ይታፈናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሰው ለእንዲህ ዓይነቷ ዛፍ ጎረቤት ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቀለም ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣ ዋጋም ከፍዬበታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሚያዝያ ላይ፣ በገዛ ግቢዬ ካለችው ታሙኬያማ ሥር፣ ሂውከራ የሚባለውን ለቅጠሉ ውበት የሚተከል አጭር ተክል አሥራ ሁለት ተከልኩ። የሂውከራው ቅጠል እንደ ሎሚ የፈካ ነበር፤ ከጥቁር ቀዩ ሥር ሲታይ ልብ ያሞቃል። በትልቁ አካፋ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ከችግኝ መሸጫው፣ ከነርሰሪ፣ የመጣውን የአንድ ጋሎን ማሰሮ ሙሉ ሥር በየጉድጓዱ አስገባሁ። ሐምሌ ላይ የምሥራቅ ጎኗ ቅጠል ተጠቅልሎ ደረቀ። ውሃ ጨመርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። መስከረም ላይ ሁለት ዋና ቅርንጫፎች ቅርፊታቸው ተሸብሽቦ ሞቱ። አንዱን ሂውከራ ነቅዬ ጉድጓዱን በእጄ ስዳብስ ምክንያቱን አየሁት፤ የጉድጓዱ ግድግዳ በሙሉ በአካፋዬ የተቆረጡ የሜፕሏ ሥሮች ነበሩ፣ ጫፋቸው ጠቁሯል። ሥሮቹ እንደ ፈትል ቀጭን ናቸው፣ አብዛኞቹም ከላይኛው አንድ ጫማ አፈር አይወርዱም። የዛፏ ኑሮ እዚያች ስስ አፈር ውስጥ ነው። እኔ እዚያ ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ አካፋ ሰደድኩ። ዛፏ ዛሬም አለች፣ ምሥራቅ ጎኗ ግን እስካሁን ጎደሎ ነው፤ ባየኋት ቁጥር ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፤ ለጃፓን ሜፕል ጎረቤት ሲመርጡ መጀመሪያ ሥሩን፣ ቀጥሎ የውሃ ፍላጎቱን፣ በመጨረሻ ቀለሙን ይዩ። እንደ አይቪና እንደ ናና ያሉት እዚህ ላይ ነው የሚወድቁት። ናና ከመሬት በታች በሚሮጥ ሥር ይራባል፤ አንዴ ከሜፕሏ ሥር ጋር ከተጠላለፈ እሱን መንቀል ማለት እሷን መንቀል ማለት ነው። አይቪ ደግሞ አፈሩን ሸፍኖ ብቻ አያቆምም፣ ግንድ ላይ ይወጣል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ጫካ ገብቶ አገር በቀሉን ዕፅዋት የሚያጠፋ ወራሪ ነው። ባለቤትዎ ቅር ይላቸው ይሆናል፣ ግን ይከልክሏቸው። ቪንካ የሚባለውን ሐምራዊ አበባ ያለውን ሐረግም አልመክርም። ሣርም ቢሆን ቅርብ አይሁን፤ ውሃውን ይሻማታል፣ የሣር ማጨጃውም አንድ ቀን ግንዷን ይገጨዋል።

እንግዲህ ቦታውን እንዲህ ይክፈሉት። ቀትር ላይ፣ ጥላዋ ከሥሯ በሚያርፍበት ሰዓት፣ አንድ እፍኝ ዱቄት ይዘው የቅርንጫፎቿ ጫፍ በሚያርፍበት ዙሪያውን ይበትኑ። ከዚያ ቀለበት አንድ ጫማ ተኩል ወደ ውጭ ሄደው ሌላ ቀለበት ይሥሩ። ከመጀመሪያው ቀለበት ወደ ውስጥ ምንም አይተከልም። ባዶ ይሁን ማለቴ ግን አይደለም፤ መልች ይልበስ። የተፈጨ የዛፍ ቅርፊት፣ ከ2 እስከ 3 ኢንች ውፍረት። ከግንዱ ግን አራት ጣት ያህል ይራቅ። አንዳንድ ግቢ አስተካካዮች መልቹን ግንዱ ላይ እንደ ኮረብታ ቆልለው ሲሄዱ አያለሁ፣ ሲያዩት ያማረ ይመስላል። እርጥበቱ ግን ቅርፊቱን ያበሰብሰዋል። የግንዷ መነሻ፣ ሥሩ ሰፋ እያለ አፈር የሚገባበት ቦታ፣ ሁልጊዜ ለዓይን መታየት አለበት። ነጭ ጠጠር ካሰቡም ይተዉት፤ ብርሃኑንና ሙቀቱን መልሶ ቅጠሏ ላይ ይወረውረዋል።

የቅጠሉ መጠበስ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ፀሐይ ጠላቷ አይደለም። ያን ጥቁር ቀይ የሚያወጣላት ፀሐይ ነው፤ ሙሉ ጥላ ውስጥ ብትሆን ወደ አረንጓዴ ታደላ ነበር። ጫፉ የሚጠበሰው በሙቀትና በነፋስ ቅጠሉ የሚያተነውን ውሃ ሥሩ ፈጥኖ መተካት ሲያቅተው ነው። የእርስዎ ዛፍ ደግሞ ሥሯ በባዶ አፈር ሥር ነው፣ በአንድ ጎኗም አስፋልት ይግላል። መልቹ ግማሹን ችግር ያቃልላል። ለቀረው ውሃ ነው። ነሐሴን በመሰለ ወር በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ የውሃ ጎማውን ጫፍ መልቹ ላይ አስተኝተው፣ ውሃው እንደ ክር እየቀጠነ ግማሽ ሰዓት ይንጠብጠብ። በየቀኑ ከላይ ከላይ መርጨት አይረዳትም፣ ሥሯን ወደ ላይ ይጠራዋል። ከማጠጣትዎ በፊት ጣትዎን ሁለት ኢንች አፈር ውስጥ ይክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ ይለፉት። የሜሪላንድ ሸክላ አፈር ውሃ ይዞ ያቆያል፤ በውሃ ብዛት የሚሞቱ ሜፕሎችም ብዙ ናቸው። የተጠበሰው ቅጠል አይድንም፣ ዛፏ ግን ደህና ናት። በሚያዝያ አዲስ ቅጠል ታወጣለች።

መኪና መግቢያው አጠገብ ናት ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። በረዶ ሲወርድ ጨው አይበትኑበት። ጨዉ ቀልጦ ሥሯ ጋ ይደርሳል፣ ጉዳቱም የሚታየው በፀደይ፣ ምክንያቱ ከተረሳ በኋላ ነው። አሸዋ ይበቃል።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን፤ በሁለቱ የዱቄት ቀለበቶች መካከልና ከዚያ ውጭ ምን ይተከል?

አደይ አበባን የሚያስታውስ ነገር ላሉት፣ እዚሁ ምሥራቅ አሜሪካ በቀል የሆነ፣ ኮርዮፕሲስ የሚባል አበባ አለ። የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ስምንት ቅጠል ያላትን ቢጫ አበባ ሲያዩ ዘመድነቱን ያውቁታል። ከዓይነቶቹ ሙንቢም የሚባለውን ይፈልጉ። ቢጫው እንደ አደይ የጠነከረ አይደለም፣ ቅቤ የመሰለ ፈዘዝ ያለ ነው፣ ከጥቁር ቀይ ጎን ሲቆም ግን ያበራል። ደማቅ ቢጫ ቢሆን ከቀዩ ጋር ይጣላ ነበር። ቅጠሉ እንደ ክር ቀጭን፣ ቁመቱ ከጉልበት በታች ነው። ሙሉ ፀሐይ ይወዳል። ከሰኔ ጀምሮ ያብባል፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ በመቀስ ቢከረክሙት ለመስከረምም ይደርሳል። ለእንቁጣጣሽ ልጆችዎ ከደጃፋቸው ቢጫ አበባ ይቆርጣሉ። በየዓመቱ ከሥሩ ስለሚያቆጠቁጥ አንዴ ተክለውት መሬቱን ደግመው አይቆፍሩም፣ ለሜፕሏ የሚበጃትም ይኸው ነው። ይህን ከውጭኛው ቀለበት ላይ፣ በደቡብ በኩል፣ አምስት ወይም ሰባት አድርገው በአንድነት ይትከሉት። አንድ እዚህ አንድ እዚያ ከተተከለ አረም ይመስላል።

ከእሱ ቀጥሎ ሮዛን የምትባል የጄራኒየም ዓይነት። በረንዳ ላይ በማሰሮ የምናውቀው ቀይ ጄራኒየም አይደለም፤ ይህቺ መሬት ለመሬት የምትዘረጋ፣ ሰማያዊ ሐምራዊ አበባ ያላት፣ ብርዱን ችላ የምትከርም ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የዓመቱ ቋሚ አበባ ተብላ ተመርጣለች፣ ይገባታልም። ከአንድ ሥር ተነስታ እስከ ሁለት ጫማ ትዘረጋለች፤ የተዘረጋው ክንዷ ግን በየሄደበት ሥር አይሰድም። ከሜፕሏ ቀሚስ ሥር እጇን ብትሰድ እንኳ የምትሻማት ውሃ የለም፣ ሥሯ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። እንዲህ ዓይነት ጎረቤት ማለፊያ ነው።

ሰማያዊ ፌስኪዩ የሚባለውን አጭር ሣር ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ግራጫ ሰማያዊው ከቀዩ ጋር በጣም ያምራል። በሜሪላንድ እርጥብ ሙቀት ግን በሁለት ሦስት ዓመት መሐሉ ይመለጣል፣ ሸክላ አፈርም አይወድም። ካማረዎት ሦስት ብቻ፣ ከፍ ባለ ደረቅ ጠርዝ ላይ ይሞክሩ። ሃኮኔ የሚባለውን ወርቃማ የጃፓን ሣር በመጽሔት ፎቶ አይተው ከሆነ እርሱ የጥላ ነው፤ በእርስዎ ፀሐይ ይጠበሳል። ሂውከራን ግን ከነበደሌ አልጠላሁትም። ዛፏ ራሷ ከቀትር በኋላ ጥላ የምትጥልበት ምሥራቅ ጎን አለ፣ እዚያ ከውጭኛው ቀለበት ላይ ሁለት ሦስት ቢያስቀምጡ ይኖራል።

ከቅጠሏ በፊት ለሚመጣው ባዶ ጊዜ ደግሞ ቴት አ ቴት የምትባለዋን ድንክ ናርሲስ ይትከሉ። ቁመቷ አንድ ስንዝር ናት። መጋቢት ላይ፣ ሜፕሏ ገና እርቃኗን ሳለች፣ ግንዷና ጠምዛዛ ቅርንጫፏ ብቻ በሚታይበት ሰዓት ታብባለች። ሚያዝያ መጨረሻ ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን ሜፕሏ ለብሳ ትሸፍናታለች። ናርሲስ መርዝ ስላላት አጋዘንም ስኩዊረልም አይበላትም፤ እናንተ ሠፈር አጋዘን እንደ ፍየል መንጋ እንደሚሰማራ አውቃለሁ፣ ቱሊፕ ቢተክሉ ለእነሱ ቁርስ ነው። ልጆችዎ ግን እንደ ሽንኩርት ያለውን ሥሯን እንዳይቀምሱ ይንገሯቸው። የምትተከለው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው።

ጦስኝ ብለዋል፤ አዎ። ባሌና ሰሜን ተራሮች ላይ የሚበቅለው ዓይነት እዚህ ነርሰሪ አይገኝም፣ መሬት ለመሬት የሚሄደው የአውሮፓ ወንድሙ ግን በየቦታው አለ፤ ሜሪላንድን የመሰለ ብርድ አይገድለውም፣ ሰኔ ላይ ሐምራዊ አበባ ይለብሳል፣ ሲረግጡት ያ ሽታ ይነሳል። አንድ ችግር አለበት፤ እሱ ደረቅ ይወዳል፣ ሜፕል እርጥብ ትወዳለች። አንድ ላይ ካስቀመጧቸው ወይ እሱ ይበሰብሳል ወይ እሷ ትጠማለች። ስለዚህ የውሃ ጎማዎ ከማይደርስበት፣ ከመኪና መግቢያው ጠርዝ በድንጋዮቹ መካከል ይተክሉታል። ከመኪና ሲወርዱ ይረግጡታል፣ ሽታው እስከ በር ይከተልዎታል።

ጤና አዳም ግን እዚያ ቦታ አይሁን። ግራጫ አረንጓዴ ቅጠሉ ከቀዩ ጋር እንደሚያምር አልክድም። ሆኖም የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ የያዘ ቁስል ያወጣል። ሁለት ልጆች በሚሯሯጡበት ደጅ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሆነ ቦታ፣ አልመክርዎትም። ደግሞም የአገራችን ዓይነት የሜሪላንድን ብርድ አይችለውም። በማሰሮ ተክለው ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያድርጉት፣ ኅዳር ላይ ወደ ቤት ያስገቡት፤ ለቡናው ሲቆርጡም በጥላ ሰዓት ይሁን። በሶብላም እንዲሁ የሜፕል ጎረቤት አይሆንም፤ በመጀመሪያው ውርጭ ይሞታል፣ በየዓመቱ መንቀልና መትከል ይፈልጋል። እሱን ከቲማቲሙ ጋር።

ሲተክሉ ትልቁን አካፋ ጋራዥ ይተዉት። ተንበርክከው፣ መልቹን በጣትዎ ገልጠው፣ በእጅ መኮትኮቻ ይቆፍሩ። ከነርሰሪም የጋሎን ማሰሮ አይግዙ፤ የ4 ኢንቹን ይግዙ፣ ጉድጓዱ ያነሰ ይሆናል፣ ገንዘቡም እንደዚያው። እርሳስ የሚያክል ሥር ካገኙ አይቁረጡት፣ ጉድጓዱን አንድ መዳፍ ወደ ጎን ያዙሩት። ያገኟቸውን ፈትል መሰል ሥሮች በጣትዎ ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ ተክሉን አስገብተው፣ ያንኑ አፈር ይመልሱ። ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ አየሩ ቀዝቅዟል፣ አፈሩ ግን ገና ሙቅ ነው፣ ሥር ይሠራል። ሁሉንም በአንድ ዓመት አይጨርሱት። ዘንድሮ ደቡቡን፣ ለከርሞ ምሥራቁን።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ይዘው ዋሽንግተን ያለው ናሽናል አርቦሬተም የሚባለው የዛፎች መናፈሻ ይሂዱ፤ መግቢያው በነፃ ነው። ጎተሊ የሚባለውን የድንክ ጥዶች ስብስብ ይጠይቁ። እዚያ ኮረብታው ላይ የጃፓን ሜፕሎች ከግራጫ ሰማያዊና ከጥቁር አረንጓዴ ድንክ ጥዶች ጋር ቆመው ያያሉ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሜፕሉ እንደ ፍም ሲቀላ ጥዱ አይለወጥም፤ አንዱ ሌላውን ያጎላዋል። እኔ ከጓሮዬ ሜፕል በስተ ጀርባ ናና ግራሲሊስ የሚባለውን፣ ሂኖኪ ከሚሉት የጃፓን ጥድ ወገን የሆነውን ድንክ ዛፍ የተከልኩት እዚያ አይቼ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ኢንች ብቻ ያድጋል፣ ጥር ላይ ግቢው ሁሉ ቡናማ ሲሆን እሱ ብቻ አረንጓዴ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ አንተ በይኝ። አሌክሳንድሪያ አፓርታማ ነው የምኖረው፣ በረንዳዬ ወደ ምዕራብ ይመለከታል። ሻይና የምትባል ድንክ ሜፕል በትልቅ ማሰሮ አለችኝ። በዚያው ማሰሮ ውስጥ ሥሯን የሚሸፍን አበባ መትከል እችላለሁ?

ከቨርጂኒያ

መልስ፦ አንተ ካልክማ አንተ ልበልህ። ማሰሮው የእሷ ብቻ ይሁን። መሬት ላይ ያለች ሜፕል ጎረቤት ሲሻማት ሥሯን ወደ ሌላ ጎን ትሰዳለች፤ ማሰሮ ውስጥ ያለችው ወዴት ትሂድ? አፈሩን ካላስቻለህ ስስ መልች አልብሰው፣ ወይም አምስት ስድስት ሙስካሪ፣ እነዚያን ትንንሽ ሰማያዊ የፀደይ አበቦች፣ ከማሰሮው ጠርዝ አስጠግተህ ቅበር። ከዚያ አትለፍ።

ጎረቤቶቿን ግን በሌላ ማሰሮ ከጎኗ አስቀምጥላት፣ ለበረንዳ የሚያምረውም ይኸው ነው። አንድ የማልጠግበውን ልንገርህ። እዚህ አገር አሲዳንቴራ እየተባለ፣ አንዳንዴም የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ ተብሎ በከረጢት የሚሸጥ ሽንኩርት መሰል ሥር አለ። አገሩ ምሥራቅ አፍሪካ ነው፣ በእኛም አገር በዱር ይበቅላል። አበባው ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ጥቁር ቀይ ነጠብጣብ አለበት፣ ያ ነጠብጣብ ልክ የሻይናን ቅጠል ይመስላል። ማታ ማታ ይሸታል። ግንቦት ላይ፣ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ አሥር ፍሬ በአንድ ማሰሮ አራት ኢንች ጥልቀት ቅበር፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ያብባል። ፀሐይ ይወዳል፣ ምዕራብ በረንዳ ይመቸዋል። ቅጠሉ በውርጭ ሲሞት ሥሩን አውጥተህ አድርቀህ በወረቀት ከረጢት ቤት አስቀምጠው፣ ለከርሞ ትተክለዋለህ።

ሻይናን በተመለከተ፣ የምዕራብ ፀሐይ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ድረስ በጣም ከባድ ነው። ረዘም ያለውን የአሲዳንቴራ ማሰሮ በምዕራብ በኩል ብታቆመው ጥላ ይሆንላታል፤ ማሰሮዋም ራሱ ፀሐይ አይምታው፣ ሥሯ ከጎን ይቀቀላል። በብርዱ ወራት ደግሞ ማሰሮውን ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠጋው፤ መሬት ውስጥ ያለ ሥር አፈር ይጠብቀዋል፣ ማሰሮ ውስጥ ያለውን ብርዱ ከአራት ጎን ነው የሚመታው። ቤት ውስጥ ግን አታስገባት፣ ብርዱን ለመተኛት ትፈልገዋለች።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነኝ። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ሜፕሏን ከፀሐይ ልትሰውር ስትሟሟት አያለሁ፣ የእኔዋ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማ ምንም አልሆነችም። ልጨነቅ? ከሥሯስ ምን ይመቻል?

መልስ፦ ስለ ፀሐዩ አይጨነቁ። የሲያትል በጋ ከሜሪላንድ የቀዘቀዘ ነው፣ ዛፏም ይህን ትወዳለች። የእናንተ ፈተና ድርቁ ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ዝናብ ስለሚጠፋ፣ ያን ጊዜ ውሃ አይርሷት። ጎረቤት ከፈለጉ ካሉና የሚባለውን ቁጥቋጦ፣ ሄዘሩን፣ ይሞክሩ። እንደ ሜፕሏ ኮምጠጥ ያለ አፈር ይወዳል፣ ፀሐይ ይወዳል፣ ነሐሴ ላይ ሐምራዊ ሆኖ ያብባል። ከቅርንጫፎቿ ጫፍ ሁለት ጫማ አርቀው ይትከሉት፤ የመጀመሪያውን በጋ ሥር እስኪይዝ ከእሷ ጋር ያጠጡት። ቀለሙን መርጠው ለመግዛት ነሐሴ ላይ አብቦ ሳለ ወደ ነርሰሪ ይሂዱ፤ ነጭም ሮዝም አለ፣ ከቀይ ሜፕል ጎን ግን እኔ ነጩን እመርጣለሁ።